ፔዳል የማይነካው ወንድሜ

እግሩን አንፈራጥጦ፣ ፔዳል ሳይነካ፣ በአውራ ጣቱ ብቻ ዳገት የሚወጣ ሰው ሳይ እስካሁን ያቅለሸልሸኛል። ሞተር ሳይክል ነው እንዳይባል ጭስ የለው፣ ሳይክል ነው እንዳይባል ላብ የለው። ዝም ብሎ እንደ ጆንያ ተጭኖ ይወጣል። ደግሞ እኮ ሰላምታ ይሰጣል። ዳገቱን በጉልበቱ ያሸነፈ ይመስል እጁን አንስቶ በኩራት «ሃይ» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ፊቴን አዙሬ አልፈው ነበር። የእኔ ችግር ያ ሰው ወንድሜ መሆኑ ነው።

የምኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ነው። ሥራዬ እንግልውድ፣ አንድ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲሆን አቅም የሌላቸውን አዛውንቶች አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳነሳ ኖሬ አንድ ቀን እኔኑ የሚያነሳኝ ሰው አስፈለገ። ልቤ ነው። ቫልቩ ተበላሽቷል ተብሎ ደረቴን ከፍተው ጠገኑት። ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ የቤቴን ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ግድግዳ እደገፍ ነበር። ጠያቂ ይመጣል፣ ሶፋው ላይ ይደረደራል፣ «ተኚ፣ አትነሺ፣ አንቺ ምን አለብሽ» ይለኛል። በቁሜ እየቀበሩኝ ይመስለኝ ነበር። ሲሄዱ በሩን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

ሐኪሟ ግን እንደነሱ አልነበረችም። ተንቀሳቀሺ፣ ልብሽ ብቻ ከልኩ በላይ አይምታ አለችኝ። ሜዳ ላይ መራመድ ጀመርኩና ሰለቸኝ፤ የገበያ አዳራሽ ፓርኪንግ ዙሪያ እንደ ጠፋ በግ መዞር ነው። ኢ-ባይክ የሚባል ነገር እንዳለ የነገረኝ የፊዚካል ቴራፒ ባለሙያዬ ነው። ፔዳሉን የምትረግጪው አንቺ ነሽ፣ ሞተሩ ያግዝሻል፣ እግርሽን ስታቆሚ እሱም ያቆማል አለኝ። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ሳይክል እየተከራየሁ እነዳ ስለነበር አልፈራሁም። ለተራራ የተሠራውን፣ ወፍራም ጎማ ያለውን ገዛሁ።

መጀመሪያ የወጣሁት ከሊትልተን ጀርባ ያለውን ኮረብታ ነው። መንገዱ ቀጭን የአፈር መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ ቀይ ድንጋይና ቁጥቋጦ። እግሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ላብ በጆሮዬ ሥር እየወረደ፣ ልቤ ግን ሳይረበሽ አናቱ ላይ ደረስኩ። ከላይ ሆኜ ዴንቨር ጠፍጣፋ ሆና ስትታየኝ ሳቄ መጣ። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ደረጃ ላይ ቆሜ ግድግዳ መደገፍ ቀረ። ያ ኮረብታ መድኃኒቴ ነው ብል ማጋነን አይደለም፤ ሐኪሟም ልቤን አዳምጣ «የምታደርጊውን አታቋርጪ» ብላኛለች።

ጉዱ ያለው ሕጉ ላይ ነው። ኢ-ባይክ ያኔ አዲስ ነገር ስለነበር አገሩ ሁሉ ምን እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ነበር። አንዱ ካውንቲ፣ እንደ ወረዳ ያለው አስተዳደር፣ «ሞተር አለው» ብሎ ይከለክላል፣ ጎረቤቱ ይፈቅዳል፣ የፌዴራል መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለ። የእኔ ኮረብታ ያለበት ካውንቲ ለሙከራ ብሎ ክላስ ዋን የሚሉትን ብቻ ፈቀደ። ክላስ ዋን ማለት ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝ፣ ጋዝ የሌለው ማለት ነው። ለመለየት እንዲመች ፍሬሙ ላይ የፋብሪካ ስቲከር አለው። ጋዝ የሚሉት በአውራ ጣት ሲጫኑት ያለ ፔዳል የሚያስኬደው ቁልፍ ነው፤ እሱ ያለው ግን ክልክል ነው። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ሕዝቡን ሰምተን እንወስናለን፣ ወይ ይቀጥላል ወይ ለሁሉም ይዘጋል ተብሎ መግቢያው ላይ ተለጥፏል። እኔ ያንን ማስታወቂያ በወጣሁ ቁጥር ነበር የማነበው።

ታናሽ ወንድሜ ታክሲ ነጂ ነው፣ የኤርፖርት። መጀመሪያ የመጣው ስለኔ ተጨንቆ ነው፣ ይህን አልክድም። «ብቻሽን ተራራ ላይ ብትወድቂስ» ብሎ ራሱም ሳይክል ገዛ። ግን ወረፋ ጠብቆ የማያውቅ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ እናታችን ወጥ ሳታወጣ ከድስቱ የሚጨልፍ ልጅ ነበር። ከኢንተርኔት ያመጣው ሳይክል ጋዝ ያለው ሆኖ ተገኘ። ይሄ እኮ አይፈቀድም አልኩት።

«ማን ያያል?» አለኝ።

እሺ ይሁን፣ ማንም አያይም እንበል። ጆሮስ የለም? ስፒከር እጀታው ላይ አስሮ ዘፈን ለቆ ነው የሚወጣው። ዳገት ላይ ስልክ ያነሳል። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው ጋዝ፣ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ካሉ ታክሲ ነጂ ጓደኞቹ ጋር ስለ አውሮፕላን መዘግየት እየጮኸ ያወራል። በእግራቸው የሚወጡ አዛውንቶች ወደ ሣሩ እየዘለሉ ያሳልፉታል፤ እሱ መንገድ ያስለቀቀ ሹም ይመስለዋል። እኔ ከኋላ እየረገጥኩ ስደርስ ዓይናቸው እኔ ላይ ያርፋል። «ይቅርታ» እያልኩ ነው የማልፈው። ለሰው ብልግና ይቅርታ ጠያቂ ሆኜ ቀረሁ። አንገሸገሸኝ፣ እውነቴን ነው። አብረን አንሂድ አልኩት፤ «እህቴን ትቼ የት እሄዳለሁ» ብሎ ሳቀብኝ።

አንድ ቅዳሜ ሳይክሌን ከመኪና ሳወርድ ፍሬሙ ላይ ያለው ስቲከር የለም። ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ፀሐይ ልጦት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሞኝ ነኝ እኮ።

በዚያው ቀን ነው አደጋው የደረሰው። እሱ ቀድሞኝ ወጣ። እኔ ስደርስ ነገሩ አብቅቷል፤ የኮረብታው ጠባቂ፣ ሬንጀሩ፣ አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ሴት ደግፎ በሌላኛው መንገድ እያወረዳት ነበር። ወንድሜ ሳይክሉን ደግፎ ቆሟል። መታጠፊያው ላይ ከፊቷ ደርሶባት፣ ልታመልጥ ስትል ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሯል። «እሷ ናት የገባችብኝ፣ እኔ ቀስ ብዬ ፔዳል እየረገጥኩ ነበር» አለኝ። ታክሲ ነጂ አይደል፣ መኪና የተጋጨ ይመስል የሴትዮዋን መንጃ ፈቃድ በስልኩ ፎቶ አንስቷል፤ የራሱንም ሰጥቷታል። ኢንፎርሜሽን ተለዋወጥን ነው የሚለው። የሴት እጅ ሰብሮ ኢንፎርሜሽን ይለዋወጣል።

ፓርኪንጉ ላይ ሳይክሉን መኪናው ላይ ሲሰቅል ስቲከሬን አየሁት። የእኔው ነው፤ ጥጉ ላይ በጥፍሬ የጫርኩበት ምልክት አለው። ከእኔ ሳይክል ልጦ ጋዝ ባለው ሳይክል ላይ ለጥፎታል። ለሬንጀሩም ያንኑ አሳይቶ «ክላስ ዋን ነው» ብሎ አልፏል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው። ምንድነው ይሄ ስለው፣ «አንቺማ ፊትሽ ይበቃል፣ ማን ይጠረጥርሻል» አለኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ሐኪሟ አይምታ ያለችው ልቤ ያኔ ነው የመታው።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳሎኔ መሃል ቆመው አንቀመጥም አሉ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ የመጡበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ ሽማግሌ አይቀመጥም። የሚናገሩት ታላቃቸው ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም ጉልበታቸውን የምንስማቸው።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ተጨንቋል» አሉኝ። «ሴትዮዋ ትከሰዋለች። ሄደን በእግሯ ወድቀን እንታረቅ። ድንጋይም ይሸከማል። አንቺ እንግሊዝኛውን ታውቂያለሽ፣ አስተርጓሚ ሁኚን።»

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ በተበደለው ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ «አውርድ» ሲለው ያወርዳል፣ እርቅ ይሆናል። ቆንጆ ወግ ነው፣ አልሰደበውም። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው።

«አባቴ፣ ምን እንዳጠፋ ነግሮዎታል?»

«አላጠፋም እኮ። አጋጣሚ ነው። ለሰላም ብሎ ነው የሚሸከመው።»

«እንግዲያው ድንጋዩ ምኑ ነው? መጀመሪያ ያጠፋውን ይናገር፣ ከዚያ ይሸከም። ያኔ እኔም አብሬው አጎነብሳለሁ።»

«እርቅ ይቀድማል፣ ልጄ።»

«ለእኔ እውነት ይቀድማል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ሳይቀመጡ ወጡ። ሽማግሌ አቁማ መለሰች ተብዬ ወሬው እኔን ቀድሞ ኦሮራን ዞረ።

የቀረውን የነገሩኝ ታላቁ ሽማግሌ ራሳቸው ናቸው፣ እሑድ ከሰዓት ደውለው። ሽማግሌዎቹና ወንድሜ ከቅዳሴ እንደወጡ፣ ነጠላ እንደለበሱ፣ ሴትዮዋ ቤት ሊትልተን ሄዱ። አድራሻው ፎቶ የተነሳው መንጃ ፈቃድ ላይ አለ። ወንድሜ ድንጋይ ይዞ አልሄደም። እዚያ ሲደርሱ ካጠገቡ ካለው ቤት፣ ለግቢ ማስጌጫ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። የራሱን ንስሐ እንኳ ከሰው ግቢ ነው ያነሳው፤ ይሄን ስሰማ አፌ መረረኝ። ደወሉን ደወሉ። ሴትዮዋ በመስኮት ስታይ ነጭ የተከናነቡ ጥቁር ወንዶች ደጃፏ ላይ ቆመዋል፣ የጣላት ሰውዬ ደግሞ ድንጋይ ተሸክሟል። ሂዱ ብላ ጮኸች። እነሱ አጎንብሰው «ሶሪ፣ ሶሪ» ይላሉ እንጂ አይሄዱም፤ የእኛ ሽማግሌ ሂዱ ሲባል ይሄዳል እንዴ? እስኪከፈትለት ይቆማል እንጂ። ፖሊስ መጣ።

«በዚህ ዕድሜዬ እጄን ወደ ላይ አነሳሁ» አሉኝ። «ነጠላዬ መሬት ወደቀ። ወንድምሽን ጣለው ይሉታል፣ እሱ ቀስ ብሎ ሲያጎነብስ፣ ልጄ፣ ልጁ ሞተ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እግዜር አወጣን። እኛ ግን ምን አጠፋን?»

ጋዙን ነገርኳቸው። ስቲከሩንም።

«እሱ እኮ ማለልኝ» አሉ።

«በምን ማለ?»

«በእናታችሁ አጥንት።»

ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ሥራዬ የሰው ገመና ማጠብ ነው፣ ምንም አይቀፈኝም። ያ ግን ቀፈፈኝ። እናታችን ውሸት ስለማትወድ በቀልድ እንኳ መሐላ አታስምለንም ነበር። አጥንቷን ለአንድ የሳይክል ጋዝ።

ካውንቲው ሕዝብ የሚሰማበት ቀን መጣ። ሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። ወንድሜ ከታክሲ ጓደኞቹ ጋር ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ከካውንቲው ጥሪ ደርሶት ነው አሉ። እኔ ስለ ልቤ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር፣ ፔዳልና ጋዝ አንድ እንዳልሆኑ። ከእኔ በፊት ሴትዮዋ ተነሳች፣ እጇ በጀሶ። ስትናገር አልጮኸችም። «ቤቴ ድንጋይ ይዘው መጡ» አለች። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ከዚያ አንድ ሰው ተነስቶ እነዚህ ነገሮች በሙሉ ይታገዱ አለ፣ ተጨበጨበለት። ሌላውም ያንኑ ደገመ፣ ለእሱም ተጨበጨበለት።

ተራዬ ሲደርስ የተዘጋጀሁበትን ተውኩት። ዝም ብል ኮረብታዬ ይዘጋል፤ ብናገር ወንድሜ ነው። አንድ ሆድ ያበቀለን ነን። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ ሳይ፣ ከኋላዬ ደግሞ ወንድሜ ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቅ ስሰማ፣ አንደበቴ ተፈታ።

«የጣላት ሰው ወንድሜ ነው» አልኩ። «ሳይክሉ ጋዝ አለው፣ በሕጋችሁ ድሮም ክልክል ነው። ስቲከሩን ከእኔ ሳይክል ላይ ሰርቆ ነው የለጠፈው። ሕጉ ልክ ነበር፣ ያፈረሰው እሱ ነው። የሚረግጡትን ከማይረግጡት ጋር አትቅጡ።» ከዚያ ስለ ልቤ ጥቂት ተናገርኩና ሰዓቴ አለቀ።

ስወጣ ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ድንጋዩ ምንድነው ብላ ጠየቀችኝ። የበደለ ሰው የሚሸከመው ነው፣ ተበዳዩ አውርድ እስኪለው ድረስ አልኳት። አሰበች።

«ግን ምን እንደበደለኝ አንዳቸውም አልነገሩኝም» አለችኝ። «ዛሬ ከአንቺ ነው የሰማሁት።»

አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

ካውንቲው ዘጋው። ለሁሉም። ፔዳሉንም፣ ጋዙንም፣ እኔንም። መልእክታቸው ጨዋ ነው፤ ለሰጠሽው አስተያየት እናመሰግናለን፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ሳይክል አስቁሞ የሚመረምር ሰው የለንም ይላል። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል። ስንፍናቸውን ሕግ አደረጉት። ከተማ ውስጥ ባለው የአስፋልት መንገድ መንዳት ትችያለሽ ይላል ደግሞ፣ እንደ ችሮታ። ሞክሬዋለሁ። በሃይዌይ ሥር፣ በሱቆች ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳ እያሸተትኩ።

እኛ ሰፈር ደግሞ ስሜ ወጣ። ወንድሟን ለፈረንጅ የሸጠች ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆሙ ሴቶች ቦታ ቀየሩ። ታላቁ ሽማግሌ ብቻ አንድ ቀን በር ላይ አግኝተውኝ፣ «የተናገርሽው እውነት ነው፣ እዚያ መናገር ግን አልነበረብሽም» አሉኝ። የት ልናገረው ነበር ብዬ ብጠይቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ ገቡ። ውሸቱን ያወቁት እሳቸው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱት እሳቸው፣ አሁንም ከወንድሜ ጋር ምሳ ይበላሉ። ከእኔ ጋር ግን አይበሉም።

ሳይክሌ ጋራዥ ውስጥ ነው። ኮረብታው ላይ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እግር አልተከለከለም። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ነው አቅሜ። እዚያ ስደርስ ልቤ ጆሮዬ ላይ ይመታል፣ እቀመጣለሁ፣ ሲበርድልኝ እመለሳለሁ። አናቱን ካየሁት ቆየሁ።

ባለፈው የመከር ወራት እዚያው መታጠፊያ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከታች ዘፈን ሰማሁ። ዘፈኑን አላውቀውም፣ ስፒከሩን ግን አወቅኩት። ወንድሜ ነው። እግሩን አንፈራጥጦ፣ በአውራ ጣቱ። ያ ሁሉ ሆኖ፣ እኔ ታግጄ፣ እሱ አንድም ቀን አላቋረጠም። ለካ ክልከላው የያዘው ሕግ የማከብረውን እኔን ብቻ ነው። ሲያየኝ ቆመ። ከአዳራሹ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

«እታለም፣ በእግርሽ ምን ያንገላታሻል?» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «ሳይክልሽን አምጪው። አንድም ቀን ያስቆመኝ የለም። አናቱ ላይ ዛሬ በረዶ አለ፣ ታስታውሺ የለ? ነይ፣ ከኋላዬ ያዢኝና ላውጣሽ።»

የሚያሳዝነው ከልቡ ነው የሚለው። ወንበሩን እየጠረገልኝ ነው፣ በእጁ። ደግሞ አልዋሽም፣ ያንን አናት ለማየት ሆዴ ባባ።

«ሂድ» አልኩት።

ትከሻውን ሰብቆ ጋዙን ተጫነውና ሄደ። ዘፈኑ እየራቀ እየራቀ ጠፋ። ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቅኩና ስልኬን አወጣሁ። ሬንጀሮቹ የሚደወልላቸው ቁጥር መግቢያው ላይ አለ፣ ከድሮም ስልኬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ወጣት አነሳው። ጋዝ ያለው ሳይክል ወደ ላይ እየወጣ ነው አልኩት። አመሰገነኝ፤ በሌላኛው መንገድ ይወርድ እንደሆነ እንድንጠብቀው ነጂው ምን እንደሚመስል ንገሪኝ አለኝ።

«እኔን ይመስላል» አልኩት።